ክረምቱ የበልጉን ጉድለት ይክሳል?

ጥያቄ፦ ወላጆቼ በራያ ቆቦ ማሽላ ያርሳሉ። በልጉ ሲቀር «ክረምቱ ከበረታ ይካካሳል» እያልኩ ላጽናናቸው ብሞክርም ፊታቸው አይፈታም። በዓመቱ የሚወርደው ዝናብ መጠኑ ያው ከሆነ ለምን ይህን ያህል ይሰጋሉ? (አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የወላጆችዎ ስጋት ትክክል ነው። ዝናብን በዓመት ድምር የምናስበው ከተሜዎች ነን፤ ገበሬው የሚያስበው የዘነበበትን ሳምንት ነው። ዘግይቶ የሚደርሰው የቆላ ማሽላ ስድስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ መሬቱ ከበልጉ ባገኘው እርጥበት መዘራት ይኖርበታል። ያኔ ካልተዘራ፣ ሐምሌና ነሐሴ የፈለገውን ያህል ቢዘንቡ፣ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያበቃ ማሽላው ገና ፍሬ አልቋጠረም። ገበሬው ያለው ምርጫ ቶሎ ወደሚደርሰው ጤፍ መዞር ነው። ጤፉ ቢሰምርለት እንኳ አገዳው ይቀርበታል፤ አገዳ ደግሞ በማሽላ አገር የከብቱ መኖ፣ የምድጃው ማገዶ፣ የጓሮው አጥር ነው።

ከዚህም ሌላ፣ መሬት ውኃ የሚጠጣው በዐቅሙ ነው። በልጉ ቀርቶ ሣር ባልሸፈነው ተዳፋት ላይ የሐምሌ ዶፍ ሲወርድ፣ ጠብታው ደረቁን አፈር እየመታ ያላላዋል፤ ውኃው ሳይሰርግ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ወንዞቻችን በክረምት ቡና መስለው የሚወርዱት ማሳ ተሸክመው ነው። የቆቦ ገበሬዎች ከተራራ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ ጠልፈው ማሳቸውን የሚያጠጡበት የቆየ ጥበብ አላቸው፤ በእኔ እምነት ይህ ከሚነገርለት በላይ ክብር የሚገባው ዕውቀት ነው፤ ነገር ግን በሚያዝያ ያልተዘራውን ማሽላ ሊመልስ አይችልም።

ክረምቱ ራሱ የሚደክምበት ዓመትም አለ። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከከሸፈ በኋላ፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከልክ በላይ የሚሞቅበት ኤልኒኖ ክረምቱንም አሳሳው፤ በ2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ የሚሹ ወገኖች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ያንን ያዩ ወላጆች በማጽናኛ ቃል ብቻ ፊታቸው ሊፈታ አይችልም።

ሊረዷቸው ከፈለጉ፣ ሚያዝያ ሳይዘንብ ካለቀ ቶሎ የሚደርስ ዘር መግዣ ያኔውኑ ይላኩላቸው፤ ሰኔ ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ ያንኑ ዘር ይፈልጋልና።