ሸክላ፣ ሲዲ ወይስ ስትሪሚንግ? ለምትሉኝ ልጆች

ልጆቼ፣

ሸክላ ይሻላል፣ ሲዲ ወይስ ስትሪሚንግ (ሙዚቃን በኢንተርኔት በቀጥታ ማዳመጥ) እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ሙዚቃ ስቀዳና ለኅትመት ሳዘጋጅ ስለኖርኩ ቁርጥ ያለ መልስ ትጠብቃላችሁ። አለኝም፦ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ስፒከር ላይ አውሉት። ምክንያቱን ሳትሰሙ ግን አትቀበሉኝ።

በአንድ ወቅት አንድ ወጣት ባልደረባዬ ሲዲ ከስትሪሚንግ በእጅጉ እንደሚበልጥ ሊያስረዳኝ አንድ ዘፈን በሁለቱም ይዞ መጣ። አጫወተልኝ፤ እውነትም የሲዲው ጠለቅና ቀረብ ብሎ ይሰማ ነበር። መለኪያዬን አውጥቼ ብለካው የሲዲው ድምፅ በአንድ ዴሲቤል ተኩል ያህል ከፍ ይላል። ሁለቱን እኩል አደረግኩና ጀርባውን ሰጥቶኝ እንዲለያቸው ጠየቅኩት። ደጋግሞ ሞከረ፤ መለየት አልቻለም። ጆሯችን በጥቂቱ ከፍ ያለውን ድምፅ «ጥራት ያለው» ብሎ ይፈርዳል። ዕቃ ሻጭ ፊት ስትቆሙ ይህን አስታውሱልኝ።

እናንተ የሸክላ ወይም የሲዲ ልዩነት የምትሉት አብዛኛውን ጊዜ የማስተሪንግ፣ ማለትም ከኅትመት በፊት የሚደረገው የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ ልዩነት ነው። የአልበም ሸክላን ውሰዱ። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል፤ ፍጥነቱ አይለወጥም። ነገር ግን በውጭው ጠርዝ ከመርፌው ሥር በሴኮንድ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦይ (ድምፁ የተቀረጸበት ቀጭን መስመር) ሲያልፍ፣ ወደ መሃል ሲጠጋ የሚያልፈው 20 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች ቀጫጭን ድምፆች ይደበዝዛሉ፣ «ሰ» እና «ሸ» ይሻክራሉ። ይህን ስለምናውቅ ጉልበት ያለውን ዘፈን መጀመሪያ፣ ለስላሳውን መጨረሻ ላይ ማድረግ እንመርጥ ነበር። የቤዝ፣ ማለትም የወፍራሙ ድምፅ ሲበዛም ቦዩ ስለሚሰፋ ቦታ ይጨርሳል፤ በልኩ መያዝ ግዴታ ነበር። ሸክላ የሚያስገድደው ይህ ቁጥብነት ራሱ ብዙ አልበሞችን አሳምሯል።

እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ ከዚህ ሁሉ ነጻ አወጣን። ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀትም ከሸክላ እጅግ ይሰፋል። እኛ ግን ነጻነቱን አበላሸነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የእኔ ዘፈን ከጎረቤቱ ጎልቶ ይሰማ በሚል ፉክክር ዝቅ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ እየገፋን፣ ድራሙ የሚመታበትን ክፍተት ደፈንነው። እኔም ታዝዤ አድርጌዋለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ ከዚያ ፉክክር በፊት የታተመ ሲዲ ካገኛችሁ አትለፉት። «እንደገና የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ሁልጊዜ መሻሻል አይደለም።

ስትሪሚንግን የሚንቁ አሉ፤ እኔ አልንቅም። ዛሬ ከሲዲ የማይተናነስ ጥራት የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ። ብዙዎቹ የዘፈኖቹን የድምፅ መጠን ስለሚያስተካክሉም ያ ክፉ ፉክክር ትርጉሙን እያጣ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ አገልግሎቱ ከሙዚቃው ባለመብቶች ጋር ያለው ውል ሲያበቃ አልበሙ አንድ ጠዋት ከዝርዝራችሁ ይጠፋል። ያለ እነርሱ መኖር የማትፈልጓቸውን አልበሞች በሲዲ ግዙ። ስታጸዱት ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ እንጂ በክብ አትፈትጉ። መረጃው በክብ ስለተጻፈ፣ መስመሩን ተከትሎ የሄደ ጭረት ማጫወቻው አሟልቶ ሊያነበው የማይችለውን ያህል ይሰርዛል።

ሸክላ ሥርዓቱን ለሚወድ፣ ትልቁን ሽፋን ይዞ የተጫዋቾቹን ስም እያነበበ ለሚያዳምጥ ሰው ነው። እኔ እወደዋለሁ። ነገር ግን መርፌውን የሚይዘውን ክንድ ማመዛዘን የማይቻልበት ርካሽ ማጫወቻ አትግዙ። መርፌው በአብዛኛው ሁለት ግራም ገደማ ብቻ መጫን አለበት፤ ከበዛ ወይም መርፌው ካረጀ ቦዩን ይበላዋል፣ የተበላ ቦይ ደግሞ አይመለስም።

ወደ ስፒከሩ ልመለስ። ሦስቱም የሚሰሙት በእርሱና በክፍላችሁ በኩል ነው። ከማዕዘን አርቁት፤ ቤዙን ያለ ልክ ያሳብጠዋል። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ መቀመጫችሁ ያለው እኩል ይሁን፤ ባዶ ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። ይህ አብዛኛው ወጪ የለበትም። ዛሬ ማታ ስፒከሮቻችሁን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ሳቧቸውና ቃል በቃል የምታውቁትን አንድ ዘፈን እንደገና ክፈቱት።