ለአዲሷ ርዕሰ መምህርት፦ የተልዕኮ ናሙና ከመፈለግሽ በፊት ባለቤቱን አስፈርሚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከኬጂ እስከ 6ኛ ክፍል ባለው ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆነሽ ልትጀምሪ ነው። ባለቤቱ "ኢንስፔክሽን (የትምህርት ቢሮ ፍተሻ) ሳይመጣ ራዕይና ተልዕኮ ጽፈሽ ስቀዪ" ብሎሻል፣ አንቺም ናሙና ያለው ሰው ካለ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ለዓመታት መርቻለሁ። ግቢው ኪራይ ቪላ ነው፤ ሳሎኑ 1ኛ ክፍል፣ ጋራዡ ቤተ መጻሕፍት። ያንቺም ከዚህ ብዙ አይርቅም ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

1. ናሙናውን ተዪው። ሰዎች የላኩልሽን ሁሉ አንብቢ፣ "ብቁ፣ ተወዳዳሪና በሥነ ምግባር የታነጸ ዜጋ ማፍራት" ነው የሚሉት። ክፋት የለውም። ግን የየትኛውም ትምህርት ቤት በር ላይ ቢሰቀል ያስኬዳል፣ መምህሯ ሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገባ ምን መሥራት እንዳለባትም አይነግራትም። እኛ አንድ ነገር ብቻ መረጥን፦ 2ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ሁሉ አይቶት የማያውቀውን አንድ ገጽ አማርኛ አንብቦ ምን እንደሚል ይነግረናል። በቃ።

ለምን ይሄን? በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። የግሎቹን አይመለከትም የሚል አይጠፋም። እስቲ አንዱን ልጅ ጠርተሽ አስነብቢው። መጽሐፉን ዘርግቶ፣ ጣቱን እያስኬደ ያንበለብለዋል። ደስ ይልሻል። ከዚያ ጣቱን ልብ ብለሽ ስታዪው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፣ አፉ ግን አራተኛው መስመር ደርሷል። ገጹን በቃሉ ይዞታል። ስለዚህ እኔ ጠዋት ጠዋት በእጄ አዲስ ዓረፍተ ነገር እጽፍ ነበር፦ "የጫልቱ በግ ገመዱን በጥሶ ጎረቤት ገባ።" ልጁ አንብቦ ሲጨርስ "በጉ የት ገባ?" እለዋለሁ። ዝም ካለ ገና ነው፣ መምህሩ ወይም መምህሯ ያንን ልጅ ይዘው እንደገና ይሠራሉ።

2. ወላጅ "ልጄ እንግሊዝኛ ካልተናገረ ለምን እከፍላለሁ?" ማለቱ አይቀርም። አትቆጪ፣ ገንዘቡ ነው። ምዝገባ ላይ ቁጭ አድርገሽ አስረጂው፣ የ2015ቱ ሥርዓተ ትምህርትም የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው የሚለው። የማይስማማ ካለ መስከረም ላይ ከሚጣላሽ ሐምሌ ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ቢሄድ ይሻላል።

3. ዋናው ይሄ ነው፣ ሌላውን ብትዘልዪው እንኳ። ተልዕኮ ብለሽ የምትጽፊው ነገር ባለቤቱ ገንዘብ ካላወጣበት ወረቀት ነው። የእኛ ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም። ግን እንደ ብዙዎቹ የመምህራን ውሉ የ10 ወር ነበር፣ ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የለም። የ1ኛ ክፍል መምህራችን ደግሞ ድንጋይን ፊደል የምታስቆጥር ሴት ነበረች። የክረምቱን ግማሽ እንኳ ክፈሉኝና ልቆይ አለች። እኔም ደብዳቤ ጽፌ፣ ቢሮው ገብቼ ለመንኩ። በዚያው ሰሞን ሰውዬው አጥሩን ቀለም እያስቀባ፣ በሩ ላይ ተልዕኳችን የተጻፈበትን ትልቅ ታፔላ በብዙ ብር እያሠራ ነበር። "መምህር መቼ ጠፍቶ!" አለኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እሷ ነሐሴ ላይ ሌላ ቦታ ተቀጠረች። በምትኳ የመጣችው ገና ተመርቃ የወጣች ልጅ ነበረች፣ ታኅሣሥ ላይ ጥላ ሄደች። ሌላ ተተካ። ሰኔ ላይ ክፍሉን ስፈትን ግማሹ ፊደል አለየም። ወላጅ ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ ካርዱን ተቀብሎ መልቀቂያ ጠየቀ። ያኔ አንድ ወረቀት ወሰድኩና በአንድ በኩል የለቀቁትን ልጆች የወር ክፍያ፣ በሌላው በኩል የመምህሯን የሁለት ወር ደመወዝ ጽፌ ባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ክርክር አላስፈለገም። "ምን ልፈርም?" አለ።

ያስፈረምኩት አንድ ገጽ ነው። የ1ኛና የ2ኛ ክፍል መምህራን ውል የ12 ወር ይሁን። በአንድ ክፍል የሚቀመጠው ልጅ ቁጥር ይወሰን፣ የዘመድ ልጅም ቢሆን ያለ ርዕሰ መምህሩ ፊርማ አይመዝገብ። መምህር ፈትኖ የሚቀጥረው ርዕሰ መምህሩ ይሁን። ከዚያ በኋላ እነዚያ ሁለት ክፍሎች መምህር ለቆባቸው አያውቅም፣ ልጆቹም አነበቡ። በዚህ እኮራለሁ፣ አልደብቅሽም።

4. ኢንስፔክሽን። ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 የሚሰጡሽ ባብዛኛው በሰነድ ነው፦ የሦስት ዓመቱ ስትራቴጂክ ዕቅድ፣ ዓመታዊው፣ የወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ቃለ ጉባኤ፣ ሁሉም ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት። አንድ ጊዜ የመጣው ባለሙያ ተልዕኳችንን አነበበና መምህራኖቼ ፊት "ይሄ ተልዕኮ ነው ወይስ የመምህር የሳምንት ዕቅድ?" አለኝ። "2ኛ ክፍል እንግባና ልጆቹን አስነብባቸው" አልኩት። ከወንበሩ አልተነሳም። "ማስረጃ በፋይል ነው የሚታየው" ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። ልጆቹ ግድግዳው ወዲያ ማዶ ነበሩ እኮ!

ስለዚህ ፋይል አድርጊላቸው። ልጁ ያነበበው ዓረፍተ ነገር፣ ቀኑ፣ ያነበበው ያላነበበው፣ የወላጅ ፊርማ፣ በየክፍሉ በቦክስ ፋይል። ዕቅድሽ ውስጥም በመማር ማስተማሩ ርዕስ ሥር አስገቢው፣ ያኔ ይቆጠርልሻል። ባለቤቱ ታፔላው ላይ "ብቁ ዜጋ" ካላልን ሞቼ እገኛለሁ ካለሽ ይስቀለው፣ በእሱ አትጣዪው። አንዷን ገጽ ግን የራስሽን የቅጥር ውል ከመፈረምሽ በፊት አስፈርሚው፣ አንቺን የሚፈልግሽ አሁን ነው።

የንባብ መመዝገቢያ ቅጹ እጄ ላይ አለ። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እልክልሻለሁ።