ንስሐ ገብቼ ተመልሼ ወደቅሁ፤ ንስሐዬ የሐሰት ነበርን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በመጠጥ፣ ኋላም በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ተይዤ ዐሥር ዓመት ያህል ኖሬአለሁ። ዳግመኛ ላልነካ በመስቀል ፊት ምዬ ንስሐ ገባሁ፤ አራት ወር ታግሼ ግን ተመልሼ ወደቅሁ። ከዚያ ወዲህ የንስሐ አባቴን ለማየት አፍሬ ርቄአለሁ። ንስሐዬ የሐሰት ነበር ማለት ነው? ደግሞስ ለሱስ ወደ ሐኪም መሄድ በእግዚአብሔር አለመታመን አይሆንብኝም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንስሐህ የሐሰት አልነበረም። በሐሰት ንስሐ የገባ ሰው ሲወድቅ እንደ አንተ አያዝንም። ጠቢቡ «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል» ሲል (ምሳ 24፥16) ጻድቁን ከኃጥኡ የለየው ባለመውደቁ ሳይሆን በመነሣቱ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ጌታችን በቤተ ሳይዳ የፈወሰውን ዕውር አስብ። ያ ሰው መጀመሪያ እጁ በተጫነበት ጊዜ ሰዎችን እንደሚመላለሱ ዛፎች ብቻ ነበር ያየው፤ አጥርቶ ያየው ጌታ ዳግመኛ እጁን በጫነበት ጊዜ ነው። በአንድ ቃል መፈወስ የሚችል ጌታ ይህን ሰው በሁለት ጊዜ ፈወሰው፤ ሰውየውም ገና ጥርት አድርጎ እንደማያይ ሳይደብቅ ስለ ተናገረ የመጀመሪያው ፈውስ ከንቱ ነበር የሚለው የለም። አራቱ ወራትህም እንደዚሁ ናቸው።

ስለ መሐላው ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ብዙዎችን ሲጎዳ አይቻለሁና። ጌታችን «ከቶ አትማሉ» ብሏል (ማቴ 5፥34)። በሱስ የተያዘ ሰው ለዕድሜ ልኩ ሲምል፣ ዛሬን የሚያልፍበት ኃይል ገና ሳይኖረው የሠላሳ ዓመት ሸክም ይሸከማል፤ አንድ ቀን የተሳሳተ እንደ ሆነም «እንግዲህ ሁሉም ጠፍቷል» ብሎ ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ዐሥረኛው ይሻገራል። ያን ጊዜ ከመጠጡ ይልቅ የሚያሰጥመው ተስፋ መቁረጡ ነው። ያፈረስኸውን መሐላ ራሱን ተናዘዘው፤ አዲስ መሐላ ግን አትጨምርበት። የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን እንደምትል፣ ከመጠጥና ከዕፅ መራቅንም ለዛሬ ከእግዚአብሔር ጠይቅ፤ ነገም እንዲሁ ጠይቅ።

ሱስ ኃጢአት ነው ወይስ በሽታ የሚለው ክርክር ለአንተ ብዙ አይጠቅምህም። የመጀመሪያውን ጽዋ በፈቃድህ አነሣህ፤ ከጊዜ በኋላ ግን ፈቃድህ ራሱ ተማረከ። ሐዋርያው «የማልወደውን ክፉን ነገር አደርጋለሁ» ያለው (ሮሜ 7፥19) እንዲህ ያለውን ምርኮ ነው፤ ምርኮኛም ነጻ የሚያወጣው እንጂ የሚዘልፈው አያስፈልገውም። ጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ ተመክሯል እያለ አንድ ብርጭቆ የሚያቀርብልህ ወዳጅ ቢመጣ፣ ጥቅሱ እውነት ነው፤ ለአንተ ግን መልሱ «በእኔ ላይ ግን አንድ ነገር እንኳ አይሠለጥንብኝም» የሚለው ነው (1ቆሮ 6፥12)።

ወደ ሐኪም መሄድህን መጽሐፍ ያዝዝሃል። ሲራክ በምዕራፍ 38 የታመመ ሰው እንዲጸልይ፣ ከኃጢአቱ እንዲመለስ፣ ለሐኪምም ስፍራ እንዲሰጥ በአንድነት ይመክራል፤ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር ነው ይላልና። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ባስልዮስም ሕክምና የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ለመነኮሳት አስተምሯል፤ በቂሳርያ አጠገብም ለሕሙማን ማረፊያ አሠርቷል።

በዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንህ አለ። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ማቆሙ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። አንጎሉ ከአልኮሉ ጋር ተላምዶ ስለ ኖረ፣ አልኮሉ ሲቋረጥ ከልክ በላይ ይነቃቃል፤ መንቀጥቀጥ፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት የሚጥል ሕመም፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ብቻህን በር ዘግተህ ያለ ምግብና ያለ ውኃ በመጾም ልላቀቅ አትበል። ሐኪሙ በየቀኑ መጠኑ እየተቀነሰ የሚሰጥ ማረጋጊያ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 በመስጠት እነዚያን ቀናት በደኅና ያሳልፍሃል። ዕፁ እንደ ሄሮይን ያለ ከሆነ ሌላም አደጋ አለ፤ ለወራት የተወው ሰውነት የቀድሞ መላመዱን ስለሚያጣ፣ ተመልሶ የጥንቱን መጠን የወሰደ ሰው ትንፋሹ ቆሞ ሊሞት ይችላል። በሕክምና ላይ መሆንህን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ጾሙንና ስግደቱን እንደ አቅምህ ይመጥኑልሃል።

ምኞቱ ሲነሣብህ ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል ከፍ ብሎ ይመለሳል እንጂ ቀኑን ሙሉ በዚያው ኃይል አይቆይም። በዚያች ሰዓት ረጅም ጸሎት ካቃተህ «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን የ50ኛውን መዝሙር መጀመሪያ ደጋግመህ በል፤ ካለህበት ስፍራም ተነሥተህ ውጣ፤ ሁኔታህን ለሚያውቅ አንድ ሰው ደውል። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለህ ዛሬ ፈልግ። መክብብ «አንዱ ብቻውን ሆኖ በወደቀ ጊዜ» ወዮለት የሚለው (4፥10) የሚያነሣው ሁለተኛ ሰው ስለሌለው ነው፤ እፍረትም በዋናነት የሚያደርስብህ ጉዳት ይኸው ነው፤ ብቻህን ያስቀርሃል።

እንግዲህ የንስሐ አባትህን ለማየት ራስህን እስክታስተካክል አትጠብቅ። አሁን ባለህበት ሁኔታ ሂድ። እፍረት ቃል ቢያሳጣህ «አባቴ፣ ተመልሼ ወድቄአለሁ» ብቻ በላቸው፤ የቀረውን እርሳቸው ይጠይቁሃል።