ስለ ሴናና ስለዛች ኩርባ፣ ለወጣቶች

ልጆቼ፣ በተለይ ኢንጂነሪንግ ጨርሳችሁ ስራ የጀመራችሁ፣ ሌሎቻችሁም ብታነቡት ደስ ይለኛል። ብራዚላዊው የመኪና ተወዳዳሪ አይርተን ሴና ካረፈ ከ30 አመት በላይ ሆነው፣ ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም፣ ስሙንም የምታውቁት ከጌም ወይ ከቲሸርት ላይ ሊሆን ይችላል። እኔ እድሜዬን ሙሉ መንገድ ዲዛይን ሳደርግ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እና ስለ ስራዬ ከሱ ሞት የተማርኩትን ከየትኛውም ክፍል ውስጥ አልተማርኩትም። ቀኖቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

የሳኦ ፓውሎ ልጅ ነው፣ በ1988፣ በ1990 እና በ1991 የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ሆኗል፣ 41 ውድድር አሸንፏል። በ1991 አገሩ ላይ ሲወዳደር ማርሾቹ አንድ ባንድ እምቢ እያሉት ሄደው መጨረሻ ላይ ስድስተኛ ብቻ ቀርቶት፣ በዛችው ማርሽ ጠባቡንም ኩርባ ሁሉ እየዞረ አሸነፈ፣ ከዛ ክንዱ ዝሎ ዋንጫውን በስንት ጭንቅ አነሳው። ይሄን ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩት። እኔ ግን የምወደው ሌላ ነገሩን ነው።

በ1992 ቤልጂየም ስፓ ላይ፣ በልምምድ ሰአት፣ ኤሪክ ኮማስ የሚባል ፈረንሳዊ ብላንሺሞን የምትባለው ፈጣን ኩርባ ላይ ተጋጭቶ ራሱን ስቶ እግሩ ነዳጁን እንደረገጠ ቀረ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ እሳት ቢነሳ አለቀ። ሴና ከኋላ ሲደርስ ያን ጩኸት ሰማ፣ ሰውየው ራሱን እንደሳተ ገባው። መኪናውን አቁሞ ወረደና ሌሎቹ በዛ ፍጥነት እየመጡ እሱ አስፋልቱ ላይ ሮጦ ሄዶ ሞተሩን አጠፋለት፣ ሀኪሞቹ እስኪደርሱ ድረስም ጭንቅላቱ እንዳይንቀሳቀስ በእጁ ደግፎ ያዘው። ኮማስ ህይወቴን ያተረፈው እሱ ነው ይላል። ለአንድ ሰኮንድ ክፋይ የሚጨነቅ ሰው ነው እንግዲህ ይሄን ያደረገው፣ ኮማስ የሱ ቡድን ሰው አይደለም፣ ጓደኛውም አይደለም።

አሁን ወደ ኩርባዋ ልምጣ። ጣሊያን ኢሞላ ውስጥ ታምቡሬሎ የምትባል ወደ ግራ የምትታጠፍ ኩርባ ነበረች፣ ፍሬን ሳይነካ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው የሚያልፏት፣ ዳሯ ላይ ደግሞ የኮንክሪት ግድግዳ። በ1987 ፒኬ የሚባል ሾፌር እዛው ተጋጨ። በ1989 በርገር የሚባል ሌላ ሾፌር የሚነዳው ፌራሪ ግድግዳውን መትቶ በእሳት ተያያዘ፣ ሰውየው እጁ ተቃጥሎ ተረፈ። በ1992 ፓትሬዜ የሚባለውም እዛው ተጋጨ። በርገር ኋላ ላይ እንደተናገረው፣ እሱና ሴና ኩርባዋ ጋ በእግራቸው ሄደው ግድግዳው ይነሳ እንደሆነ አዩ፣ ከጀርባው የሳንቴርኖ ወንዝ ነው ያለው፣ ስለዚ ምንም ማድረግ አይቻልም ብለው ተመለሱ። የአለም ምርጥ ሾፌሮች ናቸው፣ ከነሱ በላይ አደጋውን የሚያውቅ የለም፣ አይተው ተመለሱ።

ሜይ 1 ቀን 1994 የኛ ፋሲካ ነበር፣ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ቀን 1986። ያኔ ቦሎኛ ተማሪ ነኝ፣ ያገር ልጆች ተሰብስበን ዶሮ ወጥ ፈስከን ከዛ እኔና አንድ ጓደኛዬ ሰፈራችን ያለች ቡና ቤት ውድድሩን ልናይ ሄድን። ቅዳሜ ሮላንድ ራትዘንበርገር የሚባል ኦስትሪያዊ እዛው ኢሞላ ሞቷል፣ አርብ ባሪኬሎ የሚባል ሌላ ሾፌር ተጋጭቶ ለጥቂት ነው የተረፈው፣ እና ማንም ደስ ብሎት አልነበረም። ሰባተኛው ዙር ላይ የሴና መኪና ታምቡሬሎ ላይ መታጠፉን ትታ ቀጥ ብላ ሄዳ ግድግዳው ላይ። ለምን እንደሆነ እስካሁን ይከራከራሉ፣ መሪው ነው የሚል አለ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ነው የሚል አለ። ከላይ ሲያሳዩት ቢጫው ሄልሜት ትንሽ ነቅነቅ አለ፣ ቡና ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አለ! አለ! ብሎ ጮኸ። ጣሊያኖቹ የፌራሪ ደጋፊ ናቸው እኮ፣ ለሌላ ቡድን ለሚነዳው ለሱ ጮሁ። በሄሊኮፕተር ያመጡት እኛው ከተማ ማጆሬ ሆስፒታል ነው፣ ማታውኑ ማረፉ ተነገረ። 34 አመቱ ነበር። መኪናው ውስጥ የኦስትሪያ ባንዲራ ተገኘ፣ ካሸነፈ ለራትዘንበርገር ሊያውለበልበው ነበር ይባላል። ሳኦ ፓውሎ መቃብሩ ላይ የተጻፈው ከእግዚአብሔር ፍቅር ሊለየኝ የሚችል ምንም የለም የሚል ነው፣ በፋሲካችን ቀን ለሞተ ሰው ይሄን ሳነብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

በሚቀጥለው አመት፣ 1995 ላይ፣ ታምቡሬሎ ተቀየረች። ግድግዳውን አልገፉትም፣ ወንዙንም አልነኩትም፣ ወንዙ አሁንም እዛው ነው። ያደረጉት ነገር መንገዱን ግራ ቀኝ ጠምዘዝ አድርገው መኪናው እዛ ቦታ ሳይደርስ ፍሬን እንዲይዝ ማስገደድ ነው። በቃ ይሄው ነው። ለዚች ነው እንግዲህ ሰው እስኪሞት የተጠበቀው።

እኔ አገሬ ገብቼ ስራ ስጀምር አንድ ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና በየጊዜው የሚገለበጥበት ኩርባ ነበር፣ አንድ መስሪያ ቤት ሄጄ ሳነሳው ከኋላው ገደል ነው፣ መንገዱን የት ትወስደዋለህ ተባልኩ። ጥያቄው ራሱ ልክ አልነበረም፣ ማንም ገደሉን ይነሳ አላለም። ሹፌሩ ኩርባው ጋ ከመድረሱ በፊት ከላይ ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ፍጥነቱን የሚያስቀንሰው ነገር ነው የሚያስፈልገው፣ ምልክት፣ መንገዱ ላይ የሚያንገጫግጭ ነገር፣ ኩርባው ራሱ ደግሞ ወደ ውስጥ ዘመም እንዲል ማድረግ። ብዙ ምልልስ ከተደረገ በኋላ ተሰራ፣ ገደሉ እዛው እንዳለ ነው።

እና ልጆቼ፣ ምንም ማድረግ አይቻልም የሚል ነገር ስትሰሙ ምኑን ነው ማድረግ የማይቻለው ብላችሁ ጠይቁ። ነርስም ሁኑ፣ አካውንታንትም ሁኑ፣ ሶፍትዌር የምትሰሩም ሁኑ፣ ሁሉም ሰው የለመደው አደገኛ ነገር እየሰራችሁ ያላችሁበት ቦታ ላይ አለ፣ እዛ የቆዩት ከልምድ ብዛት አይታያቸውም፣ ለናንተ ግን አዲስ ስለሆናችሁ የሚታያችሁ አሁን ነው። መንገድ ላይ የምትሰሩ ደግሞ ከመኪና ውረዱና በእግራችሁ ሂዱ፣ ጋርድሬይሉ፣ የመንገዱ ዳር የብረት መከለያ ማለት ነው፣ እሱ ላይ የተጫጫረ ቀለም፣ ዳር ላይ የተሰበረ መስታወት ፈልጉ፣ ረዳቶቹን፣ እዛ አካባቢ ያለውን ጎሚስታ አናግሩት፣ የትኛው ሰአት ላይ ምን አይነት መኪና እንደሚወድቅ ከማንም ሪፖርት በላይ ይነግራችኋል።

ሴና በሞተበት እሁድ ጠዋት የሾፌሮቹን ማህበር መልሰን እናቋቁም፣ ደህንነታችንን ራሳችን እንጠይቅ እያለ ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ ነበር፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ሞናኮ ላይ እሱ በሌለበት አቋቋሙት። እናንተ በወሬ አታስቀሩት። ያያችሁትን ጻፉ፣ ፎቶ አያይዙ፣ መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቀንና ቁጥር አስመቱበት፣ ኮፒውን ቤታችሁ አስቀምጡ፣ አለቃ ሲቀየር ደግሞ እንደገና አስገቡት።