መልስ፦ ጥቁር ጭስ፣ ቤንዚን መብላትና ፒ0172

ሰላም ወንድሜ። ደብረ ብርሃን ላይ መኪናህ ጥቁር ጭስ እያወጣ ቤንዚን እንደሚበላና ፒ0172 የሚል የብልሽት ኮድ እንዳወጣ ጠይቀሃል። ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታና ፒ0172 ካሉ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል። ጋራዡ «ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን) ቀይር» ያለህን ግን ለጊዜው ተወው፤ እሱ ብዙ ጊዜ ወሬ ነጋሪ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። «ጣርማበር ዳገት ላይ ሁሉም ያጨሳል» ያሉህም ለድሮዎቹ ባለ ካርቡሬተር መኪኖች ልክ ናቸው። ያንተ ግን ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን ኮምፒውተር የሚመጥንለት) ስለሆነ ከፍታውን ራሱ ማስተካከል ነበረበት።

የአየር ፊልትሮውን አይተህ ጨርስና ወደ ማፕ ሴንሰሩ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት ወደሚለካው) ሂድ፣ መኪናህ ካለው። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈትና ንባቡን በኮድ ማንበቢያ ማሽን እይ። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 72 ኪሎፓስካል ገደማ ማለት አለበት፤ ሸዋ ሮቢት ብትወርድ 87 ገደማ። እዚያው ደብረ ብርሃን ቆመህ 100 ካነበበ ሴንሰሩ ጅቡቲ ወደብ ያለህ አስመስሎ ለኮምፒውተሩ እየዋሸ ነው፤ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ይጨመራል።

ቀጥሎ የሞተሩን የማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር እይ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሴንሰሩ 20 ወይም 30 ዲግሪ ካለ፣ ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ የጠዋት ብርድ ላይ ነው የሚመስለው፤ ስለዚህ ቤንዚን ይጨምራል። ይሄ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ብዙ ሰውም ይዘለዋል።

የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያው ቀጭን የጎማ ቱቦ ካለው ደግሞ ሞተሩን አጥፍተህ ንቀላት። ውስጧ በቤንዚን ከረጠበ መቆጣጠሪያው ተቀዷል። ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨው ዕቃ) ፈልግ።

የሞተር ዘይቱን መለኪያ ዘንግም አውጥተህ አሽተው፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ጥገናው እንዳለቀ ዘይቱን ቀይር።