«ዎልፍ» የሚባለው የድምፅ አለመስማማት

ጥያቄ፦ ስለ ድሮ ኪቦርዶች ቅኝት በሚያወሳ ጽሑፍ ላይ «ዎልፍ» የሚል ቃል አገኘሁ። ቃሉ ተኩላ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚያ ግን ለሚጋጭ ድምፅ መጠሪያ ሆኖ ነው የገባው። የማይስማማ ድምፅ ሁሉ ዎልፍ ይባላል?

መልስ፦ አይባልም። ሲ እና ሲ ሻርፕ አብረው ሲመቱ ይጋጫሉ፤ ግጭቱ ግን የዚያ ኢንተርቫል (በሁለት ኖታዎች መካከል ያለው ርቀት) ጠባይ ነው፣ ደራሲም አስቦበት ይጽፈዋል። ያ ዲሶናንስ ነው። ዎልፍ የሚባለው ሊስማማ የሚገባው ኢንተርቫል በቅኝቱ ስሌት ምክንያት ተበላሽቶ ሲገኝ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በፊፍዝ ላይ ነው፤ ፊፍዝ ከሲ እስከ ጂ ያለው ዓይነት ርቀት ነው። ስሙን ያገኘው ድምፁ እንደ ተኩላ ስለሚያላዝን ነው።

መነሻው ይህ ነው። ኦክታቭ (ከሲ እስከ ቀጣዩ ሲ) 1200 ሴንት ነው፤ ሴንት የኢንተርቫል መለኪያ ነው። ንጹሕ፣ ማለትም ፍጹም የሚስማማ ፊፍዝ ደግሞ የ3 ለ 2 ሬሾ ስለሆነ 702 ሴንት ገደማ ይሆናል። 12 ንጹሕ ፊፍዞች ሲደራረቡ 7 ኦክታቭ ላይ ቢገጥሙ ጥሩ ነበር፤ ግን በ23.5 ሴንት ያልፋሉ። 11ዱን ንጹሕ አድርገው የቃኙ እንደሆነ ትርፉ በሙሉ የሚቀነሰው ከአሥራ ሁለተኛው ነው፤ እሱም 678.5 ሴንት ሆኖ ይጠብባል፤ ዎልፉ እሱ ነው።

ሚንቶን በተባለው ቅኝት ነገሩ ይገለበጣል። በተለመደው ዓይነቱ ሜጀር ሰርዶቹ (ከሲ እስከ ኢ ያለው ዓይነት ርቀት) ንጹሕ እንዲሆኑ ሲባል 11ዱ ፊፍዞች ወደ 696.6 ሴንት ይጠብባሉ፤ የቀረው አንዱ ወደ 738 ሴንት ይሰፋል። ይህ ዎልፍ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በጂ ሻርፕና በኢ ፍላት መካከል ነው። በኖታ አጻጻፍ ይህ ፊፍዝ እንኳ አይደለም፣ ዲሚኒሽድ ሲክስዝ የሚባል ሌላ ኢንተርቫል ነው። ጣት የሚያርፈው ግን በፊፍዝ ቦታ ስለሆነ ጆሮም የሚጠብቀው ፊፍዝ ነው፤ የሚያስከፋውም ለዚህ ነው።

በጆሮ ለመለየት ቢቱን ያዳምጡ፤ ቢት ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ የሚመታው ምት ነው። ከመካከለኛው ሲ በታች ባለው ጂ ሻርፕ ላይ የተሠራ የሚንቶን ዎልፍ በሰከንድ ወደ 13 ጊዜ ይመታል። ለመቁጠር ይፈጥናል፤ ወደ አንድ ድምፅ ለመቅለጥ ደግሞ ይዘገያል። ዲጂታል ፒያኖዎ የቅኝት ምርጫ ካለው ሚንቶን ላይ ያድርጉትና ሲ እና ጂን፣ ቀጥሎ ጂ ሻርፕና ኢ ፍላትን በረጅሙ ይያዙ። አንዳንዱ መሣሪያ የቅኝቱን መነሻ ኖታ ጭምር ያስመርጣል፤ መነሻው ከተለወጠ ዎልፉም ቦታ ይለውጣል። እዚያ ካጡት 12ቱንም ፊፍዞች ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ቼሎዬ ኤፍ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይንተባተባል። አስተማሪዬ «ዎልፍ ነው» ይላሉ፤ ቱነሩ (የቅኝት መለኪያው) ግን ቅኝቱ ትክክል መሆኑን ያሳያል።

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስሙ ከላይኛው ጋር ቢመሳሰልም ይሄኛው የቅኝት ችግር አይደለም፤ ክሮቹን ደጋግሞ በማጥበቅና በማላላት አይጠፋም። የመሣሪያው ሳጥን ራሱ አጥብቆ የሚርገበገብበት ድምፅ አለው፤ በቼሎ ብዙ ጊዜ ከኢ እስከ ኤፍ ሻርፕ፣ ማለትም ከ165 እስከ 185 ሄርዝ ባለው ክልል ይወድቃል። የሚጫወቱት ኖታ እዚያ ላይ ሲገጥም ብርኩማው (ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት) ክሩን ደግፎ መያዝ ትቶ አብሮ ይወዛወዛል። ደጋኑ ክሩን በየዙሩ አንዴ ያዝ፣ አንዴ ለቀቅ ማድረግ ሲገባው ያመልጠዋል፤ ድምፁ ይሰበራል፣ ሳጥኑ ይረጋል፣ ኖታው ይመለሳል፣ እንደገና ይሰበራል።

መጀመሪያ ያለ ዕቃ ይሞክሩ፦ ደጋኑን ጫን ይበሉ፣ የሳጥኑንም ጎኖች በጉልበትዎ ጠበቅ ያድርጉ። ካልበቃ፣ ውስጡ ላስቲክ የሆነ ትንሽ የነሐስ ቱቦ አለ፤ በብርኩማውና በጭራው (ክሮቹ ከታች በሚታሰሩበት እንጨት) መካከል ባለው የጂ ወይም የሲ ክር ላይ ይታሰራል። ሚሊሜትር በሚሊሜትር እያንሸራተቱ ኤፍን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹን ኖታዎችም ይፈትሹ፤ አለቦታው ከታሰረ ዎልፉን ወደ ጎረቤት ኖታ ብቻ ሊገፋው ይችላል። ችግሩ ቀድሞ ሳይኖር በድንገት የመጣ ከሆነ ግን ቱቦ ከመግዛትዎ በፊት የሳጥኑ መጋጠሚያ መላቀቁንና በሳጥኑ ውስጥ የቆመው የእንጨት ምሰሶ መንሸራተቱን ጠጋኝ ይይልዎ።

ጥያቄ፦ ፒያኖ በጆሮ መቃኘት እየተማርኩ ነው። ፊፍዞቹን አንድ በአንድ ንጹሕ አድርጌ ስጨርስ የመጨረሻው ያላዝናል። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ንጹሕ ማድረጉ ላይ። ትርፉ ለ12ቱም ፊፍዞች እኩል በሚከፋፈልበት በእኩል ቅኝት ማንኛውም ፊፍዝ 700 ሴንት ነው፤ ከንጹሑ በ2 ሴንት ገደማ ይጠብባል። ከእያንዳንዱ ኖታ አንድ ክር ብቻ አስቀርተው ሌሎቹን በፌልት (ወፍራም የሱፍ ጨርቅ) ያፍኑ፤ ያለዚያ የክሮቹ የእርስ በርስ ቢት ያሳስትዎታል። ከዚያ ቢቱ እስኪቆም ፊፍዙን ያጽዱና የላይኛውን ኖታ በጣም ጥቂት ዝቅ ያድርጉ። ከ220 ሄርዙ ኤ ወደ ላይኛው ኢ ሲሄዱ በ4 ሰከንድ 3 ቢት ያህል ይሰማል። ሲጠብም ሲሰፋም ቢቱ አንድ ዓይነት ስለሚሰማ ሁልጊዜ ከንጹሑ ይነሱ።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት በፎርዝ (ከሲ እስከ ኤፍ ያለው ዓይነት ርቀት) ወደ ታች ሲመለሱ ነው። ፎርዝ መስፋት እንጂ መጥበብ የለበትም፤ ከኢ ወደ ታችኛው ቢ ሲወርዱ በሰከንድ 1 ቢት ገደማ እስኪሰማ ቢን ዝቅ ያድርጉት። ከዚያ ሜጀር ሰርዶቹን ይፈትሹ፦ ከመካከለኛው ሲ በታች ካለው ኤፍ ተነስተው ኤፍ–ኤ በሰከንድ 7 ገደማ፣ ጂ–ቢ 8 ገደማ፣ ኤ–ሲ ሻርፕ 9 ገደማ ቢት ሊኖራቸው ይገባል። ፍጥነቱ ቀስ በቀስ መጨመሩን ትቶ የሚዘልበት ወይም የሚቀንስበት ቦታ ካለ፣ ስህተቱ ያንን ሰርድ ከሠሩት ኖታዎች በአንዱ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ተመልሰው ያርሙ እንጂ የመጨረሻውን ፊፍዝ ብቻ አያባብሉ።