መልስ፦ የሳይበር ጦርነት አዳማን ምን አገባት?

ወንድሜ፣ «የሳይበር ደህንነት ፖሊሲው የአዲስ አበባ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ አዳማ ላይ የውሃ ፓምፕ የምናንቀሳቅሰውን ምን አገባን?» ብለሃል። በደንብ ያገባችኋል እንጂ!

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ዩክሬን የሆነውን ልንገርህ። ሰርጎ ገቦች ወደ መብራት ኩባንያዎች ኮምፒውተር መንገድ ያገኙት ለቢሮ ሠራተኞች በተላከ የኢሜይል አባሪ ነው። ወራት አድፍጠው ቆዩና አንድ ቀን የመብራት ተቆጣጣሪው ማውስ በራሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ያጠፋል፣ ሰውየው አፉን ከፍቶ ያያል። ወደ 225,000 ደንበኛ ጨለመበት። በሰዓታት ውስጥ የተመለሰው ሠራተኞች በመኪና ሄደው በእጃቸው ስላበሩት ነው። ያን አሮጌ የእጅ ማንሻችሁን አትናቁት።

እኛ ጋ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢመደአ) በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ቁልፍ መሠረተ ልማትን የነካን ከሌላው አክብዶ ይቀጣል። ጥሩ ነው፤ አዋጅ ግን የይለፍ ቃል አይቀይርም። ስሙን የማልጠራው አንድ ጣቢያ ገብቼ የፓምፑ መቆጣጠሪያ ስክሪን ጠርዝ ላይ የይለፍ ቃሉ በነጭ ፕላስተር ተለጥፎ አየሁ። ማታ ማታ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ፊልም በፍላሽ ይታያል አሉኝ! «ኢንተርኔት የለውም እኮ» ብለው ሳቁብኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው፣ የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎችን ያጠቃው ስተክስኔት የተባለ የኮምፒውተር ቫይረስም በፍላሽ ይዛመት ነበር።

ነገ አለቃህን አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው፦ ዛሬ ሌሊት ስክሪኑ ቢሞት ማን፣ በየትኛው ቁልፍ፣ የትኛውን ቫልቭ ሊዘጋ ይሄዳል?